ቦርሳውን የመለሰችው ልጅ

(አርብ ከጸሎት በኋላ ለእህቶች የተደረገ ንግግር። የተናጋሪዋ ስም በራሷ ጥያቄ አልተጻፈም።)

  ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁም፣ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብላችሁ የወጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሳቃችሁትን አየሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ እሱው ነው፤ ስለምንዋሻት ውሸት።

ተራው ያንቺ ነው ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ሰባኪ አይደለሁም፣ የማውቀው ቤት ማጽዳትና በሽተኛ ማንሣት ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ስለ አንድ የድሮ ፊልም ልነግራችሁ ወሰንኩ። ፊልም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በዚህ አገር ሲኒማ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ሳይኖር ቆይቶ፣ እንደ ፈረንጅ በ2018 ሪያድ ላይ ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ጅዳም ደረሰ። ያኔ የምሠራበት ቤት ልጆች ወሬያቸው ሁሉ ሲኒማ ሆነ። እኔ የምንከባከበው አያታቸውን ነበር። ማማ ነው የምንላቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። አንድ ማታ ልጆቹን ሰምተው ሳቁና «እኔ አባታችሁ እንኳ ሳይወለድ ሲኒማ አይቻለሁ» አሉ። ልጅ ሆነው አባታቸው ካይሮ ይነግዱ ነበርና እጃቸውን ይዘው ወስደዋቸዋል። ታሪኩን ሲናገሩ አንዱ የልጅ ልጃቸው ፊልሙን በስልኩ ፈልጎ አገኘውና ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተላቸው። ልጆቹ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሲያዩ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ማማና እኔ ቀረን። እኔ እግራቸውን እያሸሁ፣ እሳቸው በዓረብኛ እያስረዱኝ፣ እስከ መጨረሻው አየነው።

ፊልሙ «መቶ ወንዶችና አንዲት ልጅ» ይባላል። ሆሊውድ ውስጥ በ1937 የተሠራ የዘፈን ፊልም ነው። ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ዲያና ደርቢን፣ ካናዳ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ ያኔ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷና አባቷ ያወጡላት ስም ዲያና አልነበረም፤ ኤድና ሜ ነበር። ለፊልም ሥራ ስትገባ ነው ስሟ የተለወጠው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ፓትሲ ትባላለች። እናቷ ሞታለች። አባቷ ትሮምቦን ነፊ ነው፤ ያ እየተገፋ እየተሳበ የሚነፋው ትልቁ የነሐስ መሣሪያ። ጊዜው አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጠፋበት ክፉ ጊዜ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈትቶ ነበር። ሙዚቀኞችን ደግሞ ሌላም ነገር መቷቸዋል። ፊልም ድምፅ ሳይኖረው በፊት በየሲኒማ ቤቱ ቁጭ ብለው ይጫወቱ ነበር፤ ፊልሙ ራሱ መናገር ሲጀምር የብዙዎቹ እንጀራ ተቆረጠ።

አባትዬው ስቶኮቭስኪ የሚባለውን ታላቅ የኦርኬስትራ መሪ ሥራ ሊለምን ይሄዳል። ስቶኮቭስኪ በእውነትም የነበረ ሰው ነው፤ ፊልሙ ላይ ራሱን ሆኖ ነው የተጫወተው። አባትዬው ግን ሳይሳካለት ቀረ። ከአዳራሹ ውጭ የአንዲት ሴት ቦርሳ ወድቆ አገኘ። ቦርሳው ውስጥ ገንዘብ አለ። የቤት ኪራይ ደርሶበታል፤ ከዚያ ገንዘብ አንሥቶ ከፈለ። ልጁን እንዳያሳዝናት ብሎ ደግሞ «ከስቶኮቭስኪ ዘንድ ሥራ አገኘሁ» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ እውነቱን ታውቃለች። ሥራም እንደሌለ፣ ኪራዩም በሰው ገንዘብ እንደተከፈለ። እህቶቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ፊልሙን ላቁመው።

እናቴ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ግንበኛ ነው። ሌላ ሚስት ሳያገባ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አሳደገን። ወሎ ውስጥ ወንድ ልጅ ምጣድ ላይ ሲቀመጥ ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። እሱ ግን ጋግሮ አብልቶናል፣ ጸጉሬን እንኳ ሳይችልበት ሹሩባ ሊሠራኝ ይሞክር ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ደላላው መጣ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ፓስፖርቴ ላይ ሃያ አምስት ሆንኩ። ስሜም ተለወጠ፣ ፋጡማ ተባልኩ። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሆናችሁ አላችሁ፤ እጅ አውጡ አልልም።

የመጀመሪያው ቤት ሰባት ወር ሙሉ ደመወዝ አልሰጡኝም። ለአባቴ ግን በየጊዜው በስልክ «ደህና ነኝ፣ በየወሩ ይከፍሉኛል፣ አርብ አርብ አርፋለሁ፣ ገንዘቡን ለአንድ ላይ ብዬ ነው ያልላክሁት» እለው ነበር። ያ ቤት አልፎ ማማ ቤት ስገባ ግን እውነትም መላክ ጀመርኩ። ቤት ሥራልኝ አልኩት። በየኢሞው «መሠረቱ ወጣ»፣ «ግድግዳው ቆመ»፣ «ቆርቆሮ ለበሰ» ይለኝ ነበር። ፎቶ ላክልኝ ስለው ስልኩ ተበላሽቷል ይለኛል።

አንዲት ጓደኛዬ ለእረፍት አገር ስትገባ ጋቢና ጫማ ላክሁለት። እሷ ደርሳ ያየችውን ደውላ ነገረችኝ፤ መሠረት ብቻ ነው ያለው፣ በላዩ ላይ ሣር በቅሎበታል። እህቶቼ፣ የዚያን ዕለት ልቤ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። የማንን ቆሻሻ ጠርጌ ነው ያገኘሁት አልኩ። ሁለት ወር አልደወልኩለትም። ሲደውልም አላነሣሁም።

ፊልሙን ያየሁት በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ነው።

ፓትሲ ምን አደረገች? አባቷን ሌባ ብላ አላዋረደችውም። ደግሞም አባቴ ነው ብላ ነገሩን ሸፍና አልተወችውም። ወደ ባለቦርሳዋ ሄደች። ባለቦርሳዋ የአንድ ሀብታም የራዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሚስት ናት። ልጅቷ ፊቷ ቆማ አባቷ ያደረገውን ሁሉ ተናገረች። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያደረገችው፤ የሰውን ነገር ለሰው መለሰች፣ አባቷንም ይዛው ቀረች። እኔ እስከዚያ ቀን ከሁለት አንዱን መምረጥ ያለብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ስለ ቦርሳው ትንሽ ልበል፣ ይህ የእኛ ነገር ነውና። ልብስ ስናጥብ ከኪስ ሪያል ይወጣል። አልጋ ስናነጥፍ ቀለበት ይገኛል። አንዳንዱ ረስቶት ነው፣ አንዳንዱ ሊፈትነን ያስቀመጠው ነው። በኋላ እሰጣለሁ ብላችሁ ቀሚሳችሁ ውስጥ አታቆዩ። «በኋላ» የምትለዋ ቃል ናት ፖሊስ ጣቢያ የምታደርሰው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው እጅ፣ ሰው እያየ ስጡ። ያ የልጅቷ አባትም ሌባ ሊሆን አላሰበም፤ ኪራዩ ስለደረሰበት ነው።

ያን ማታ ማማን ካስተኛሁ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ለልጅነቴ ሹሩባ የሠራኝን ሰው ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም።

«አባዬ፣ አልቆጣህም። የቤቱን ነገር እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

ዝም አለ። ቀጥሎ ሲያለቅስ ሰማሁት። አባቴ እናቴ ስትቀበር እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም። ወንድሜ ሳይነግረው በኦቦክ በኩል በጀልባ ወጥቶ የመን ላይ ሰዎች ይዘውት ኖሯል። ገንዘብ ካልተላከ እንገድለዋለን ብለው እየደበደቡ በስልክ አሰምተውታል። የቤቴ ገንዘብ የሄደው እዚያ ነው። ወንድሜ ተለቆ፣ ተይዞ፣ ወደ አገር ተመልሶ ቤት ተቀምጧል። «ላንቺ ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትጠፊያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺም ብትሞቺብኝስ?» አለኝ።

ያኔ እኔም የራሴን ነገርኩት። ሰባቱን ወር። አርብ እንደማላርፍ። ፎቶ ስልክለት የለበስኩት ልብስ የማዳም ልጅ ልብስ እንደነበረ። ሁለታችንም ለዓመታት አንዳችን ሌላውን እንዳናሳዝን ስንዋሽ ኖረን፣ ያዘንነውን ለየብቻ ነው ያዘንነው። እሱ የልጁን ጩኸት ብቻውን ሰማ። እኔ ርሃቤን ብቻዬን ቻልኩ። ብናወራ ኖሮ ሸክሙ ባይቀርም ለሁለት እንሸከመው ነበር።

ከዚያ በኋላ እንዲስቅ ብዬ ፊልሙን ነገርኩት። ትሮምቦን ስለው ገባው። «እኛም አገር እኮ አርባ ልጆች ነበሩ» አለኝ። ራስ ተፈሪ በ1924 እንደ ፈረንጅ ኢየሩሳሌም ሄደው ያመጧቸውን፣ ቱርክ አገር በደረሰው እልቂት ወላጅ ያጡትን የአርመን ልጆች ማለቱ ነው። ነሐስ ይነፉ ነበር። መሪያቸው ናልባንዲያን ነው በጃንሆይ ዘመን የተዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው። አባቴ «አባትና እናት ያጣ ልጅ ተሰብስቦ ከነፋ፣ ያገር መዝሙር ያወጣል» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ካኮረፍኩት አባቴ ጋር እንዲህ እየተሳሳቅን ነጋ።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። ባለቦርሳዋ ሴት ለጨዋታ ያህል «ሥራ የሌላቸው ሙዚቀኞች ኦርኬስትራ ቢቋቋም እኮ እረዳ ነበር» ትላለች። ልጅቷ እውነት መስሏት ከአባቷ ጋር ሆና መቶ ሥራ ፈት ሙዚቀኛ ሰበሰበች፤ ጋራዥ ተከራይተው መለማመድ ጀመሩ። ሴትዮዋ ይህን ስታይ ወደ አውሮፓ ሸሸች። ባልየው ደግሞ ስም ያለው መሪ ካላመጣችሁ አልረዳም አለ። ልጅቷ ተነሥታ ስቶኮቭስኪ ዘንድ ሄደች። ልምምድ ላይ ሳለ ገብታ ዘፈነች። የዘፈነችው ምን መሰላችሁ? ሃሌ ሉያ ነው። ሞዛርት የሚባለው 17 ዓመት ሳይሞላው የደረሰው ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሌላ ቃል የለበትም፣ ሃሌ ሉያ ብቻ።

እህቶቼ፣ በዚያ ቤት ፋጡማ ነበርኩ። ሃሌ ሉያን ጮክ ብሎ የሚል ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ራሴ የምላት ውኃ ከፍቼ፣ ሻወር ቤት ውስጥ፣ በከንፈሬ ነበር። እና ያች ልጅ ሳሎን መካከል፣ ድምፁ ተለቆ፣ ሃሌ ሉያ ሃሌ ሉያ ስትል እንባዬ መጣ። ማማ አዩኝ። «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ዜማው አሳዝኖኝ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም እጄን መታ መታ አድርገው ዝም አሉ።

ስቶኮቭስኪ ግን እንቢ አለ። ልጅቷ በስሕተት ለጋዜጣ ሰው የነገረችው ወሬ ደግሞ እንደ እውነት ታትሞ ነገሩን አበላሸው። በመጨረሻ መቶውን ሰው ይዛ ተደብቃ ቤቱ ገባች። ይቅርታ ጠየቀችውና «ስማቸው ብቻ» አለችው። ደረጃው ላይ ተደርድረው ተጫወቱ። ሰውዬው ተቆጥቶ ነበር የቆመው፤ ሲሰማ ግን እጆቹ ሳያውቀው መንቀሳቀስ ጀመሩ። አውሮፓ የሚሄድበትን ጉዞ ትቶ መራቸው። መጨረሻው ትልቅ ድግስ፣ ጭብጨባ ነው።

ፊልም ነውና ያምራል። የእኛ ቤት ደረጃ ላይ ስቶኮቭስኪ አይቆምም። እኔ ይዤ የቀረሁት መጨረሻውን አይደለም፤ መሐሉን ነው፣ ልጅቷ ባለቦርሳዋ ፊት የቆመችበትን።

ረመዳን ገባ። ቤተሰቡ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት መካ ሊያሳልፍ ተሰናዳ። ማማ አንድ ምሽት ጠሩኝና «ዘንድሮ ወንበሬን የምትገፊልኝ አንቺ ነሽ፤ አብረን ዑምራ እናደርጋለን» አሉኝ። እንደ ልጃቸው ሊወስዱኝ ነው። ለአንዲት ሙስሊም ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። እኔ ግን ክርስቲያን ነኝ። ከዚህ መካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ላይ ለሙስሊሞች ብቻ የሚል ሰሌዳ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በፓስፖርቱ ስም ብሄድ ማንም አይጠይቀኝም። ብናገር ደግሞ ሹሜሲ የሚለው ስም ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። የራሴን እምነት ብቻ አይደለም ያሰብኩት። የእሳቸውንም አሰብኩ። እኚህ ሰው የሚያከብሩት ቦታ በእኔ ውሸት ተገፍተው ሊገቡ ነው። ለእኔ ቤተ መቅደስ አንዲት ሴት እንዲህ ብታደርግ ምን ይሰማኛል? ያ ቦርሳ አሁን በእኔ እጅ ነበረ።

በሦስተኛው ሌሊት ጠጋ ብዬ፣ «ማማ፣ ስሜ ፋጡማ አይደለም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ደላላውን፣ ዕድሜዬን፣ ፍርሃቴን። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ለምን እስከ ዛሬ?» አሉኝ። «ፈርቼ» አልኩ። «ያን ቀን ፊልሙ ላይ ስታለቅሺ ጠርጥሬ ነበር» አሉኝና እጃቸውን እንዳነሣላቸው ዘረጉ፤ አስተኛኋቸው።

በቀላሉ አለፈ አልላችሁም። ልጃቸው፣ ማዳም፣ በጣም ተቆጣች። ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሳችኝ፣ ሌላ ሠራተኛ እንፈልግ አለች። ማማ ግን «ውሸቱን ይዛ ብትመጣ ነበር የምባርራት» አሉ። ወንበራቸውን ሌላ ሰው ገፋላቸው፤ እኔ ጅዳ ቀረሁ። ከመካ ሲመለሱ የዘምዘም ውኃና ተምር አመጡልኝ። በገዛ ስሜ ጠሩኝ። አሳስተው ነው የጠሩት፣ ግን ስሜን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር የጠራኝ የለም ነበር።

ያች ዲያና ደርቢንም በኋላ ፊልሙን ሁሉ ተወች። ገና 30 ዓመት ሳይሞላት ነው የተወችው። ፈረንሳይ አንድ ትንሽ ከተማ ገብታ፣ ከባሏ ጋር፣ ከካሜራ ርቃ ኖራ በ2013 በ91 ዓመቷ አረፈች። ሰው ያወጣለትን ስም ተሸክሞ መኖር የሚደክመው እኛን ብቻ አይደለም እያልኩ አስባታለሁ።

እህቶቼ፣ ልጨርስ። ተነሥታችሁ ለአሠሪዎቻችሁ ሁሉን ተናገሩ አልላችሁም። እኔ የተናገርኩት ማማን ዓመታት ስላወቅኋቸው ነው። ሁሉም ቤት የእሳቸው ቤት አይደለም፤ ብልህነትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስማችሁን በደላላ የተለወጣችሁትንም አልፈርድባችሁም፣ እኔም አንዷ ነኝና።

ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ግን እውነቱን ንገሩ። ደመወዝ ካልተከፈላችሁ አልተከፈለኝም በሉ። ታማችሁ ከሆነ ታምሜያለሁ በሉ። የላካችሁት ገንዘብ የት እንደደረሰ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ግን እንደ ከሳሽ አትጠይቁ፣ «አልቆጣህም» ብላችሁ ጀምሩ። የሚበልጠውን ገንዘብ በራሳችሁ ስም ደብተር አስቀምጡ፤ ይህ ቤተሰብን አለማመን አይደለም፣ ቤተሰብን ከፈተና ማውጣት ነው። ካኮረፋችሁት ሰው ጋር ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉ። እኔ ሁለት ወር ዘግቼበት የነበረ ስልክ ነው አባቴን የመለሰልኝ።

ቤቱ አሁንም ከመሠረቱ ከፍ ያለው ትንሽ ነው። ግን ፎቶውን አባቴ በየወሩ ይልክልኛል፤ ሣሩን ሳይነቅልለት፣ እንዳለ።

እግዚአብሔር ሁላችንንም በሰላም ለቤታችን ያብቃን። አሜን።